የከተማ ጓዳ

ሰው ለተወለደበት አገር ያለው ፍቅር የባሕርይ ፍቅር ነው፤ መርጦ ያመጣው አይደለምና ቢኖረው አይመሰገንበትም፣ ቢያጣው ግን ይወቀስበታል። በእንግድነት ገብቶ በእንግድነት ለሚወጣባት ከተማ የሚያድርበት ፍቅር ግን ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ከምድሯ ርስት ያልደረሰው፣ በመቃብሯ አባቱ ያላረፈበት፣ በዕድሯ መዝገብ ስሙ ያልሰፈረ፣ ሲመጣም ማንም የመቀበል ዕዳ የሌለበት ሰው፣ ወደ ቤቱ ተመልሶ ከምድጃው ዳር በተቀመጠ ጊዜ ስለ ምን ያችን ከተማ ይናፍቃል? ፍቅርን ሁሉ ወይ ከጥቅም ወይ ከዘር የሚያወርዱ ጠቢባን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አጥጋቢ ሆኖ አልታየኝም፤ ከከተማ ያገኘሁት ጥቅም ጥቂት ነው፣ ዘመድም ቢሆን አንዲት አክስት ብቻ ነበረችኝና።

እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ትውልዴም ኑሮዬም ደብረ ማርቆስ ነው። ነገር ግን ከጕርምስናዬ አንሥቶ እስከዚህ ሽበት ድረስ፣ አንዳንዴ በጉዳይ፣ አንዳንዴ በሕመም፣ አንዳንዴም ለቤተ ሰቤ የምነግረው በቂ ምክንያት ሳይኖረኝ ወደ አዲስ አበባ ስመላለስ ኖሬአለሁ። ስለ ከተማይቱ የሚያወጉ ሰዎች የሚያነሧቸውን ሰፋፊ ጐዳናዎች፣ አደባባዮችና ሐውልቶች አውቃቸዋለሁ፣ አልንቃቸውምም። ዳሩ ግን የእኔይቱ አዲስ አበባ፣ በጎጃም ክረምት ጉም ውስጥ ተቀምጬ ስሟን ስሰማ በኅሊናዬ የምትቀረጸው፣ ከሰሜን ማዘጋጃ ሽቅብ ወደ እንጦጦ እግር የምትወጣው፣ የመድኃኔ ዓለም ደወል የሚቀሰቅሳት፣ የሸክላ ጭስ የማይለያት ቀጨኔ ናት። የእንግዳ ፍቅር ምን እንደ ሆነ በእርሷ በኩል ልመረምር እወዳለሁ።

መጽሐፈ ኦሪት ስለ ከተማ የሚነግረን የመጀመሪያው ወሬ የሚያኰራ አይደለም። ቃየን ወንድሙን ከገደለ በኋላ፣ ምድር ኃይሏን እንዳትሰጠው በተረገመና ተቅበዝባዥ በሆነ ጊዜ፣ ከተማ ሠራ፤ በልጁም በሄኖክ ስም ጠራት። ናስና ብረት የሚቀጠቅጠው ቱባልቃይንም ከዚሁ ከቃየን ዘር ተወለደ። እንግዲህ ከተማም የእጅ ጥበብም ከአንድ የተረገመ አባት ወረዱ ብሎ ለመፍረድ የሚቸኩል አይጠፋም፤ ባለ እጁን በዘሩ የሚከስ አንደበት ሌላ ምርኩዝ ቢያጣ ወደዚህ ንባብ መጠጋቱ አይቀርም። እኔ ግን ንባቡን ስመለከተው ሌላ ምሥጢር አገኝበታለሁ፤ ምድር ፊቷን ያዞረችበትን ሰው የሚያኖሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ሆነው ተገኙ፤ እነርሱም ጎረቤትና እጅ ናቸው። ርስት የሌለው ሰው ከመሰሉ ጋር ተጠጋግቶ ይሰፍራል፣ በእጁ የሠራውንም ሸጦ ይበላል፤ ከዚህ የተረፈው ሁሉ፣ ቤተ መንግሥቱም ገበያውም ፍርድ ቤቱም፣ በኋላ የተጨመረ ነው። ቀጨኔም የቆመችው በዚህ ሥርዓት ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲሲቱ መናገሻ ባለ እጅ ስትሻ፣ ከሰሜን ሸዋና ከሌላም አውራጃ የመጡ ሸክላ ሠሪዎች፣ ሸማኔዎችና ቀጥቃጮች በተራራው እግር ሰፈሩ፤ የሚያርሱት መሬት አልነበራቸውም፣ እጅና ጎረቤት ግን ነበራቸው። ከልጅ ልጆቻቸው መካከል ሥረ ነገዳችን ቤተ እስራኤል ነው የሚሉ ዛሬም አሉ።

ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መንገዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእኔ ወጣትነት አውቶቡሱ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሓ ሲወርድ ጋቢው ሁሉ ከትከሻ ይወልቅ ነበር፤ ወንዙን ተሻግሮ በጎሐ ጽዮን በኩል ሲወጣ ጋቢው ተመልሶ ይለበሳል፤ ፍቼን አልፈን የሱሉልታን ሜዳ ጨርሰን ከእንጦጦ ጀርባ ስንደርስ ግን ብርዱን ጋቢም አይበግረውም። እዚያ ተረተር ላይ ስደርስ ዘወትር የማስበው አንድ ነገር ነበር። በተራራው ሰሜን የወደቀው ዝናም ወደ ዐባይ ወርዶ፣ ሱዳንን አልፎ ግብፅ ይደርሳል፤ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለው ግን በቀጨኔና በሌሎቹ የከተማይቱ ወንዞች አድርጎ ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር ያልቃል። እኔ የዐባይ ልጅ ነኝና፣ ታላቅ ወንዝ ሁሉ አፈር ተሸክሞ ከአገር የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ ያለውን ሁሉ እዚሁ አፍስሶ እዚሁ የሚቀር ወንዝ መኖሩን በትምህርት ቤት ቢነግሩኝም፣ ነገሩ በልቤ የገባው ያንን ተረተር ስሻገር ነው። አዲስ አበባም ከየአቅጣጫው ወደ እርሷ የሚወርደውን ሰው ታስቀራለች እንጂ አታሳልፍም፤ ለጥቂት ቀን ብሎ መጥቶ በዚያው ያረጀውን የጎጃም ሰው ቍጥር የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው።

ከተራራው ትከሻ ላይ ቁልቁል ሲመለከቱ በዚያ ዘመን የሚታየው ከተማ ሳይሆን ደን ነበር፤ ከተማው ከሥሩ ተሸሽጎ በጭሱ ብቻ ይታወቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ገና ንጉሠ ሸዋ ሳሉ እንጦጦ ላይ ከትመው ነበር፤ በ1882 ዓ.ም የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ የደፉትም በዚያው በእንጦጦ ማርያም ነው። ሆኖም ተራራው ለመከላከያ እንጂ ለኑሮ የሚመች አልነበረምና፣ እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት ካሠሩበት ከ1879 ዓ.ም ወዲህ የከተማይቱ ልብ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ብዙ ዓመት ሳይቈይ ደግሞ የማገዶውም የቤቱም እንጨት አለቀ፤ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ሳለ፣ ትውልዱ አውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ መጥቶ፣ ፈጥኖም አድጎ፣ ከተማይቱን ከስደት አዳናት። ድንኳኗን ነቅላ ልትሄድ የተሰናዳችውን ከተማ ባለችበት እንድትጸና ያደረጋት የአገሬው ወይራ ወይም ጽድ ሳይሆን እንግዳ ዛፍ መሆኑን ሳስብ፣ እንግዳ በከተማ ላይ ምን መብት አለው ለሚለው ክርክር አንድ ማስረጃ ያገኘሁ ይመስለኛል። ስለ ባሕር ዛፍ ክፉ የሚናገሩ ሊቃውንት ውኃውን ይመጥጣል፣ በሥሩ ሌላ አያስበቅልም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን የቅጠሉ ሽታ ከርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በአውቶቡሱ መስኮት ሲገባ ጓዛችንን መሰብሰብ እንጀምር ነበር።

ማረፊያዬ የእናቴ እኅት ቤት ነበር። አክስቴ በልጅነቷ ለቀጨኔ ሰው ተድራ የመጣች፣ የጎጃም አነጋገሯ ሳይለቃት የከተማ ሰው የሆነች ሴት ነበረች፤ እንግዳ ስትቀበል በመጀመሪያ የምትጠይቀው የሰውን ጤና ሳይሆን የዘንድሮውን ጤፍ ነበር። በመደብ ላይ አንጥፋልኝ እተኛለሁ፤ ሌሊቱም ሳይነጋ የኪዳኑ ደወል ከመድኃኔ ዓለም ይወርዳል። የቀጨኔን ንጋት ከሌላው ሰፈር ንጋት የሚለየው ግን ደወሉ አይደለም፤ ደወልማ በየደብሩ አለ። ከደወሉ ቀጥሎ፣ ገና የቅዳሴው ዜማ ሳይጀመር፣ ደረቅ አፈር በዱላ ሲወቃ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ አንዱ ግቢ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ጥቂት ቈይቶም ከሸማኔው ጉድጓድ የመወርወሪያው ምልልስ ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ ጋቢዬን ተከናንቤ ስሰማ፣ አንድ ሕዝብ ሁሉ እኔን ሳያስነሣ ሥራ የጀመረ መስሎ ይታየኝና፣ የእንቅልፉ ጣዕም ይጨምርልኝ ነበር። በጥቅምት 27፣ በመድኃኔ ዓለም ዓመታዊ በዓል፣ ዱላውም መወርወሪያውም ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ የምነቃው በዝምታው ነው።

ቀኑን ቁልቁል ወደ መሐል ከተማ እወርድ ነበር። ብዙ ጊዜዬን የወሰደው በ1936 ዓ.ም የተከፈተው ወመዘክር ነው፤ ደብረ ማርቆስ ያልደረሱ መጻሕፍትን እዚያ እየተቀመጥሁ አነብብ ነበር። በፒያሳ መስኮቶች ፊት ያለ ገንዘብ ቆሜአለሁ፤ ገንዘብ ባገኘሁ ጊዜ በቶሞካ ቆሜ ቡና ጠጥቻለሁ፤ በስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም ሰማዕታት ሐውልት ሥር ባርኔጣዬን አውልቄአለሁ፤ አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ በሠራው የመስታወት ሥዕል ላይ ፀሐይ ስታልፍ በአድናቆት ተመልክቻለሁ። እነዚህን ሁሉ አደንቃቸዋለሁ። እኔ በማልኖርበት ጊዜም በቦታቸው ቆመው ለሌላው እንግዳ እንደሚታዩ አምን ስለ ነበር ግን ናፍቄአቸው አላውቅም።

በእኛ ቤት ሥርዓት እንግዳ እልፍኝ ይቀመጣል። እጁን ያስታጥቡታል፣ መሶቡ ይቀርብለታል፣ ጠላው ይቀዳለታል፣ ብላ እንጂ እያሉ ያጐርሱታል፤ ጓዳ ግን አይገባም። ጓዳ የገባ ሰው ወይ ቤተ ሰብ ሆኗል፣ ወይ ሌባ ነው። አዲስ አበባም ለእንግዳዋ የምታሳየው እልፍኟን ነው፤ እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ፣ ወጡ የተሠራበት ድስት፣ ቡናው የፈላበት ጀበና፣ ሴቲቱ ለበዓል የለበሰችው ባለ ጥለት ቀሚስ ከየት እንደ መጣ እልፍኝ የተቀመጠው አይጠይቅም፣ ቢጠይቅም ከመርካቶ ይሉታል። ቀጨኔ የከተማይቱ ጓዳ ናት። እኔም በአጋጣሚ፣ አክስት በማግኘቴ ብቻ፣ በእልፍኙ በር ሳይሆን በጓዳው በር ገባሁ።

አንድ ቀን አክስቴ፣ “የጀበናዬ አንገት ተሰብሯልና ወርደህ ሌላ አምጣልኝ፤ ስትገዛ አንኳኳው፣ ድምፁን ስማ” ብላ ላከችኝ። ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ ከወንዙ ዳር ወዳለ ግቢ ደረስሁና ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ “እንዴት አደሩ፣ እትዬ” አልሁ። በዕድሜ ከእናቴ የምትልቅ ሴት፣ እግሮቿን ዘርግታ ምድር ላይ ተቀምጣ፣ ዐይኗን ከሥራዋ ሳታነሣ፣ “እግዚአብሔር ይመስገን፤ ግባ ልጄ፣ ከደጅ አትቁም” አለችኝ።

ከፊቷ በአሮጌ ጨርቅ የተሸፈነ ጭቃ አለ፤ ከእንጦጦ በጀርባ የወረደ፣ የተወቃ፣ የተነፋ፣ ከዚያም በውኃ ተለውሶ በእግር የተረገጠ ነው። ከእርሱ ቆርሳ በመዳፏ አድበልብላ፣ በአውራ ጣቷ መካከሉን ከከፈተችው በኋላ፣ ግራ እጇ ከውስጥ ቀኝ እጇ ከውጭ ሆነው ግድግዳውን ያሳድጉት ጀመር፤ ሁለቱ እጆች በጭቃው ግራና ቀኝ ይተያያሉ እንጂ አይነካኩም፣ በመካከላቸው ያለውም ውፍረት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አይለዋወጥም። ከሰም ይልቅ ለስልሶ የሚታየው ሆዱ በወንዝ ጠጠር ከታሸ በኋላ፣ አንገቱ ለብቻው ተሠርቶ ይቀጠልበታል፤ መጋጠሚያውን በርጥብ ጣቷ አንድ ጊዜ ዞረችበትና የት ላይ እንደ ተጋጠመ ማወቅ አልቻልሁም። ከግቢው ማዶ ደግሞ ትናንት የደረቁት በማገዶና በኩበት ተሸፍነው ይነድዳሉ፤ ልጇ ገና የጋሉትን በረጅም እንጨት እያወጣች በቅጠል ጭስ ታፍናቸዋለች፣ በዚህም ይጠቁራሉ። ጭሱ ዐይኔን አስለቀሰኝ፤ እነርሱ ግን ሲያለቅሱ አላየሁም፣ ዐይናቸው ከቀላ ብዙ ዘመኑ ነው።

ከተደረደሩት ጀበናዎች አንዱን አንሥቼ እንደ ታዘዝሁት ባንኳኳው ሴትዮዋ ሳቀች። “ያኛው ሳል ይዞታል፣ ተወው” አለች፤ “ያንን ከበስተጀርባህ ያለውን ሞክር።” ሞከርሁት፤ ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ። ሳሉ የያዘውን ምን ታደርገዋለች ብዬ ጠየቅኋት። “ለሚያንኳኳ አልሸጠውም፣ ለማያንኳኳም አልሸጠውም” ብላ ከአጥሩ ሥር ወደ ተከመረው ገል አመለከተችኝ። ከዚያም ቡናዋ ደርሶ ነበርና፣ “ሦስተኛው ሳይወርድ አትሄድም” ብላ አስቀመጠችኝ።

ወደ አክስቴ ቤት ጀበናውን ይዤ ስመለስ፣ ስለ ዕቃው ከመጠየቋ በፊት የጠየቀችኝ፣ “እዚያ የቀመስኸው ነገር አለ?” ብላ ነው። ቡና መጠጣቴን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ከጓሮ ጤና አዳም ቀጥፋ በእጄ አስያዘችኝ፣ ማታውንም እንዳታስቀይመኝ ብላ ሌላ ነገር እያነሣች አዋየችኝ። አክስቴ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፣ ከእርሷ የበለጠ ለችግረኛ የሚያዝን ሰው ጥቂት አይቻለሁ። ነገር ግን በዚያች ሴት እጅ በተሠራ ድስት የበሰለውን ወጥ በየቀኑ እየበላች፣ ከዚያችው እጅ ቡና መቀበልን ትፈራ ነበር። እጇ ከነካው ጭቃ ሳይሆን እጇ ከሰጠው ሲኒ ቡዳ ይወጣል ማለት ነው! ይህ እምነት በጎጃምም ነበር፣ በጎንደርም ነበር፣ በሸዋም ነበር፤ ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ በየአገሩ ከመንደር ዳር፣ ከጋብቻ ውጭ፣ ከመሬት ርስት ውጭ ሆነው የኖሩበትን ዘመን ርዝመት ላሰበ ሰው፣ ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ ከፈጠራቸው ስሕተቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ውለታ ቢስ የለም።

ዐፄ ምኒልክ ይህን አስተውለው ነበር። በ1900 ዓ.ም ባስነገሩት አዋጅ፣ ሰውን በሥራው ምክንያት መስደብ፣ ብረት ሠሪውንም ሸማኔውንም ነጋዴውንም በሙያው ማዋረድ እንዲቀር አዘዙ። አዋጁ የቤተ መንግሥት ጥበብ ያለበት ነው፤ ባለ እጅ የሚሸሽባት መናገሻ ባዶ እንደምትቀር ንጉሡ ዐውቀዋል። ዳሩ ግን አዋጅ እስከ ደጅ ይደርሳል እንጂ ጓዳ አይገባም፤ አክስቴ ጤና አዳም የቀጠፈችው አዋጁ ከተነገረ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው።

ይህን በደል የእኛ ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ካለ የዮናናውያንን መጻሕፍት ይመልከት። አፍላጦን ከተማን በቃል ሲመሠርት የሚጀምረው ከንጉሥም ከጦረኛም አይደለም፤ ከገበሬ፣ ከግንበኛ፣ ከሸማኔና ከጫማ ሰፊ ነው፤ ሰው ብቻውን ራሱን ስለማይችል ከተማ ተወለደች ይላል። ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስ ግን ፖለቲካ በሚባለው መጽሐፉ፣ ምርጥ ሥርዓት ያላት ከተማ ባለ እጁን ዜጋ እንደማታደርገው ይፈርዳል። ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ኢያሱ ወልደ ሲራክ ነው። በ38ኛው ምዕራፍ ገበሬውን፣ ማኅተም ቀራጩን፣ ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪውን በየተራ እየጠራ፣ ሌሊት ስለ ሥራቸው እንዴት እንደሚተጉ በፍቅር ይተርካል፤ ያለ እነርሱ ከተማ ልትኖር እንደማትችል ይመሰክርላቸዋል፤ ወዲያውም በዚያው እስትንፋስ፣ በሸንጎ ምክር እንደማይጠየቁ፣ በጉባኤም ከፍ ብለው እንደማይቀመጡ ይነግረናል። ሲራክ ይህን የሚናገረው እየወቀሰ ይሁን እየተስማማ መተርጕማን ይከራከሩ፤ እኔ የማየው አንድ ታላቅ ጠቢብ የሥራን ክብር ጥርት አድርጎ አይቶ፣ ወደ ፍርድ ሲደርስ እግሩ መያዙን ነው። የእርሱ ሸክላ ሠሪ በእግሩ የሚያዞረው መንኰራኩር ነበረው። የቀጨኔዋ ሴት መንኰራኩር እንኳ የላትም፤ ዕቃው እኩል ክብ የሚሆነው በእጇ ልማድ ብቻ ነው።

ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ስመለስ፣ እንግዳ ከተማን የሚወድበት ምክንያት ከዚህ የራቀ አይመስለኝም። አገሬው ከተማውን ለመውደድ ጓዳውን ማየት አያሻውም፤ ተወልዶ አድጎበታልና ጓዳውን ያውቀዋል፣ ምናልባትም ሰልችቶታል። እንግዳ ግን እልፍኙን ብቻ አይቶ ሲሄድ የሚቀርለት አድናቆት ነው፤ አድናቆትም ከፍቅር የሚለየው የሚያደንቀው ሰው ምንም ዕዳ የሌለበት በመሆኑ ነው። በስድስት ኪሎና በፒያሳ ያየሁትን ሳደንቅ ኖሬአለሁ። በቀጨኔ ግን፣ ማን እንደ ሆንሁ ሳትጠይቅ “ከደጅ አትቁም” ያለችኝ ሴት፣ ይህን ቃል ለመናገር ከማንም ያነሰ ምክንያት የነበራት ሴት ናት፤ እርሷን ራሷን ከደጅ ያቆማት አገር ልጅ ነበርሁና። ከተማ ለእንግዳው ሊሰጥ ከሚችለው ስጦታ ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም፤ ተቀብዬውም ዕዳ እንዳለብኝ ስለማውቅ፣ ናፍቆቱ የዕዳው ወለድ ነው።

ነቢዩ ኤርምያስ ስለ አንዲት ከተማ እንዲናገር በታዘዘ ጊዜ የተላከው ወደ ቤተ መንግሥት ወይም ወደ ቤተ መቅደስ አልነበረም፤ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ውረድ ተባለ። ወርዶም ሠሪው የተበላሸበትን ጭቃ በእጁ መልሶ ሌላ ዕቃ ሲያደርገው አየ። በሚቀጥለው ምዕራፍ ግን ገምቦ ገዝቶ፣ ሽማግሌዎቹን ይዞ፣ ወደ ሄኖም ልጅ ሸለቆ ወጥቶ በፊታቸው እንዲሰብረው ታዘዘ፤ ከእሳት የወጣ ሸክላ ከተሰበረ በኋላ ሊጠገን አይቻልምና። ሁለቱም ምሳሌዎች የተነገሩት ስለ ኢየሩሳሌም ነው። ልዩነታቸው እሳቱ ነው፤ ከእሳት በፊት ያለው ይለወጣል፣ ከእሳት በኋላ ያለው ወይ ይኖራል ወይ ይሰበራል።

በ2016 ዓ.ም በፒያሳና በአካባቢው አሮጌዎቹ ቤቶች በብዛት ሲፈርሱ፣ ቆሜ ያለ ገንዘብ ያየሁባቸው መስኮቶችም አብረው ሄዱ። የሚያለቅሱ አሉ፣ የሚያጨበጭቡም አሉ። እኔ ሁለቱንም ወገን ስሰማ የምጠይቀው፣ ይህች ከተማ ጭቃ ናት ወይስ ገምቦ የሚለውን ነው። ከእንጦጦ ወደ ፍል ውኃ የወረደች፣ ወደ አዲስ ዓለም ልትሄድ ተነሥታ የቀረች፣ በባሕር ዛፍ ተሸፍና እንደገና በብሎኬትና በመስታወት የተገለጠች ከተማ ለስላሳ ጭቃ መሆኗን አልክድም፤ የሚለውጣትን እጅም አልረግምም። ነገር ግን አንድ መንደር ከነጎረቤቱ፣ ከነዕድሩ፣ ከነሙያው በረጅም ዘመን እሳት የተጠበሰ ነገር ነው። ሰውን ከጎረቤቱ ለይቶ በልዩ ልዩ ሥፍራ ቤት መስጠት ቤት መስጠት ነው፣ ይመሰገናል፤ መንደሩ ግን በዚያን ጊዜ ተሰብሯል፣ የሚጠግነውም የለም። የከተማ ዕቅድ የሚያወጡ ሰዎች ቁልቁል ከመመልከታቸው በፊት አንድ ቀን ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ቢወርዱ እመክራለሁ። ነቢይም ወርዷል።

ቀጨኔ እስካሁን አለች። እንጦጦ ዛሬ ፓርክ ሆኗል፤ ከ2013 ዓ.ም ወዲህ ቅዳሜና እሑድ መኪናው ሽቅብ ይሰለፋል፣ ጥንት ጭቃና ማገዶ በጀርባ የወረደበት መንገድ የመዝናኛ መንገድ ሆኗል፤ በራሱ ክፉ አይደለም። የአሉሚኒየም ድስት የሸክላውን ድስት ከብዙ ቤት አስወጥቶታል። ልጆቹ ተምረዋል፤ እናቶቻቸው በጭስ ዐይናቸውን ያጠፉበትን ሥራ ቢሸሹ ማንም አይፈርድባቸውም፣ እኔም ይቈዩበት አልልም። ሆኖም ኤሌክትሪክ ገብቶ ሁሉን ለወጠ ለሚሉት አንድ ነገር ላሳስብ፤ በየኮንዶሚኒየሙ ማድቤት የተቀመጠውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ገልብጣችሁ ብታዩት፣ የሚግለው ሽቦ የተቀበረው በሸክላ ጀርባ ላይ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ነው። የከተማይቱ ሰው በአሥራ አምስተኛው ፎቅ ላይ ተቀምጦ የሚበላው እንጀራ ዛሬም በሸክላ ፊት ላይ ይበስላል።

አንባቢ ሆይ፣ አዲስ አበባ የመጣህ እንደ ሆነ ከሐውልቶቹ ቀጥሎ አንድ ጧት ለዚህ ሰፈር መድብ። ከፒያሳ በታክሲ ሰሜን ማዘጋጃ ውረድና ወደ መድኃኔ ዓለም የሚወስደውን ዳገት በእግርህ ውጣ፤ ጭሱ ይመራሃል። የሸክላ ዕቃ ከሠሪዋ እጅ ግዛ፤ አንኳኳው፣ ዋጋውን ግን አትከራከር፤ ቡና ካቀረበችልህም ሦስተኛው ሳይወርድ አትነሣ። የገዛኸው ምጣድ ከሆነ ደግሞ በጎመን ዘር በደንብ ሳታሟሸው ሊጥ እንዳታፈስበት፤ ይይዝብሃል።